ስማቸውን ሳንለይ ያደንናቸው እርግቦች



ስለ ስሜን ተራሮች አደን ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ዋልያን ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ከደባርቅና ከዳባት በታች ባለው ቁጥቋጦ በወንጭፍና በወጥመድ ስለሚያዙት የዱር እርግቦች ነው።

በልጅነቴ የገብስ ማሳ ጠባቂ ነበርሁ። አደናችን በወፎቹ ሁለት ልማድ ላይ የተመሠረተ ነበር። አንደኛ፣ ጥሬ ለቃሚዎች ስለሆኑ አጨዳ ሲያልቅ ወደ አውድማው ይወርዳሉ። ሁለተኛ፣ ደረቅ ጥሬ የሚበላ ወፍ ውኃ ግድ ይለዋልና በበጋ በጥቂት ምንጮች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ሲጠጡም እንደ ዶሮ አንገታቸውን ቀና አያደርጉም፤ ምንቃራቸውን ነክረው ይመጥጣሉ። ወንጭፋችን የሚያገኛቸው በዚያች ቅጽበት ነበር።

ሁሉንም «እርግብ» እንላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን አንድ አልነበሩም። በገደል የሚያድረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ግራጫ እርግብ፣ በሳይንስ ስሙ ኮሉምባ አልቢቶርኩዌስ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም አይገኝም። ክንፉ በነጭ የተዥጎረጎረውና የዓይኑ ዙሪያ የቀላው ግን በብዙ የአፍሪካ አገሮች አለ። በአንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት ያላት ጠቆር ያለች ዋኖስ «ሉገንስ»፣ ማለትም ሐዘንተኛ፣ ተብላለች። ለእርስዋና ለባለ ነጭ ማጅራቱ እ.ኤ.አ. በ1837 የሳይንስ ስም ያወጣላቸው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ የሾላና የዋርካ ፍሬ የሚበላው አረንጓዴው እርግብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ወፍ «ዋልያ» ብሎ መዘገበው፤ የሳይንስ ስሙም እስከ ዛሬ ትሬሮን ዋልያ ነው።

ስም መለየት ምን ይጠቅማል? አንድ ቀን በምንጭ ዳር አንዲት ዋኖስ ጣልሁ። ስበልታት ከጉሮሮዋ ሥር ባለው የእህል ከረጢት ውስጥ እንደ አይብ ያለ ነጭ ነገር አገኘሁ። ምንነቱን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ተማሪ ሳለሁ ነው። ወንዱም ሴቷም በጫጩት ወራት የሚያመነጩት የልጆቻቸው ምግብ ነበር። የዚህ ወገን ወፎች ብዙውን ጊዜ ከሁለት እንቁላል በላይ አይጥሉም። ያች አንዲት ጠጠር የስንት ነፍስ ዕዳ እንዳለባት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ከለከለ። ነገር ግን ማማ ላይ የቆመው ልጅ የሚያየው የእህል ጠላት እንጂ የዱር እንስሳ አይደለም። ልጁን አልወቅሰውም፤ እኔም እርሱን ነበርሁ። የማሳውን ጥበቃ ከአደኑ ልንለይለት የምንችለው ግን ሁሉ «እርግብ» ሆኖ እስከቀረ ድረስ አይደለም። የትኛው በዛ፣ የትኛው አነሰ ብለን እንኳ መጠየቅ አንችልም።

በሩፔል ዘመን ወፍ ይጠና የነበረው ተገድሎ ነው። እናንተ ለመስክ ሥራ ወደ ደባርቅና ዳባት ስትሄዱ ወንጭፍም ጠመንጃም አያስፈልጋችሁም። ከአረጋውያንና ከእረኞች ዘንድ ተቀምጣችሁ የእያንዳንዱን እርግብ የአገር ስም ጠይቁ፤ ከነመልኩና ከነድምፁ መዝግቡ። እኔ በልጅነቴ ሳልጠይቅ የቀረሁት ይህንኑ ነው።