የስም አደራ፦ ስለ ዲዛይን ሶፍትዌር አጫጫንና መጣጣም
(በፉሪ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ)




የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ዲዛይን ሶፍትዌር አጫጫንና መጣጣም እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ፣ ርእሱ ለዚህ ጉባኤ ያንሳል ብዬ ሠግቼ ነበር። ስለ ድልድይና ስለ ግድብ ሲወያይ ለኖረ ማኅበር «ፕሮግራሙ አልከፍት አለ» የሚል አቤቱታ ምን ይፈይዳል? ይሁን እንጂ ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚሁ ፉሪ ውስጥ የፈጸምሁትን ስሕተት ባስታወስሁ ጊዜ ሐሳቤን ለወጥሁ። ዛሬ የምናገረውም ስለዚያ ስሕተትና ስላስተማረኝ ነገር ነው።

በቅድሚያ መጣጣም የሚለውን ቃል እንመልከት። ሁላችንም የምናውቀው የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚህ ጣቢያ የሚያልፈው አዲሱ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አባቶቻችን ወደ ጅቡቲ ይጓዙበት የነበረው የቀድሞው ሐዲድ ስፋት ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። የቀድሞውን ፉርጎ አምጥተን በአዲሱ ሐዲድ ላይ ብናኖረው አይሄድም። ፉርጎው አልተበላሸም፤ ሐዲዱም እንከን የለበትም። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ስምምነት ነው። እንግዲህ ፉርጎውን ፈታትቶ ደጋግሞ የሚገጥም መካኒክ ቢኖር፣ ድካሙ ከንቱ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ግን ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ እድር ጸሐፊ የሆኑ አዛውንት ወደ ቤቴ መጡ። የእድሩ የአባላት መዝገብ ለረጅም ዓመታት ሲዘጋጅ የኖረው በሰፈሩ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት፣ በገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር በመድከሙ አዲስ ተገዛ፤ መዝገቡም በፍላሽ ተቀድቶ በአዲሱ ላይ ተከፈተ። ሲከፈት ግን በአማርኛ ስሞች ፈንታ የላቲን ፊደላት፣ የጥያቄ ምልክቶችና ባዶ ሣጥኖች ገጹን ሞሉት።

እኔም ሳልመረምር «ጋሼ፣ ችግሩ የፕሮግራሙ ነው፤ ጠርገን እንደገና እንጭነዋለን» አልኋቸው።

«አንተ ካልህ ይሁን፣ ልጄ። ብቻ የሰዎቹን ስም አደራ» አሉኝ።

ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ጫንሁት። በከፈትሁት ቁጥር «ፊደሉ አልተገኘም፤ በሌላ ይተካ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ጥያቄውን በቅጡ ሳላነብ «ይተካ» እያልሁ ፋይሉን መልሼ አስቀመጥሁት። በመጨረሻም ቫይረስ ይሆናል በሚል ግምት አሮጌውን ኮምፒውተር ጭምር ፎርማት አደረግሁት። በዚህም አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊያጠፋ የሚችለውን ሁሉ አጠፋሁ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ፊደላችን ታሪክ መለስ ማለት ይገባል። ፊደላችን 33 ዋና ዋና ፊደላት በ7 ቅርጽ ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ። በዚህ ላይ እንደ «ጓ»፣ «ቋ» እና «ኋ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ የግእዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ይታከላሉ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ችግር፣ ይህንን ሁሉ ቅርጽ በጥቂት ቁልፎች እንዴት እናስተናግድ የሚል ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣም ያው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። በቀድሞው አሠራር አንድ የፊደል ፋይል ሊይዝ የሚችለው 256 ቦታ ብቻ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ በመሆናቸው የሚቀረው 224 ነው። 231 ከ224 እንደሚበልጥ ለመሐንዲስ አይነገርም።

የሀገራችን ባለሙያዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አንዳንዶቹ የፊደሉን አካልና የአናባቢውን ምልክት ለያይተው በጽሑፍ ጊዜ እንዲገጣጠሙ አደረጉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፋይሎች ከፋፈሉት። በእነዚህ ዘዴዎች ጋዜጣና መጽሐፍ ታትሟል፤ የሠርግ ጥሪና የምስክር ወረቀት ተዘጋጅቷል። የሠሪዎቹ ብልሃት ሊመሰገን ይገባዋል። ጉድለቱ እያንዳንዱ ሠሪ የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በእነዚህ ፋይሎች ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የአማርኛ ፊደል ሳይሆን ለላቲን የተመደበውን ቁጥር ነው፤ አማርኛው የሚታየው የላቲኑን ቦታ በያዘ ሥዕል አማካይነት ብቻ ነው። ሥዕሉ በሌለበት ማሽን ላይ ላቲኑ ተገልጦ ይቀራል።

ይህንን ልዩነት የሚያስታርቅ አንድ የጋራ ቁጥር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታዎችን መደበ። «ሀ» 4608 ቁጥርን ስትይዝ «ለ» 4616ን ይዛለች፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ቤት 8 ቦታ ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል ከማሽን ወደ ማሽን ሲሄድ መልኩ ቢለወጥ እንኳ ማንነቱ አይጠፋም።

ሆኖም አዲሱ ደንብ መውጣቱ አሮጌውን ሥራ አላስቀረውም። ለምሳሌ ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ እስከ መጨረሻው እትሙ ድረስ ዩኒኮድን ስላልተቀበለ፣ በእርሱ የሚሠሩ ሁሉ በቀድሞው ፊደል ለመቀጠል ተገደዋል። በሌላ በኩል አዶቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ታይፕ 1 የተባለውን የቆየ የፊደል ፋይል ዓይነት በአዳዲስ ፕሮግራሞቹ ውስጥ መደገፍ አቁሟል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስም ለባለ 16 ቢት ዘመን የተዘጋጁ የመጫኛ ፕሮግራሞችን አያስኬድም። እንግዲህ ትናንት የሠራ ፕሮግራም ዛሬ አልጫን ቢል፣ ሁልጊዜ የተበላሸ ነገር አለ ማለት አይደለም፤ ሐዲዱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ወደ መዝገቡ ልመለስ። አሮጌውን ኮምፒውተር ፎርማት ባደረግሁ ጊዜ የጠፉት ሁለት የፊደል ፋይሎች ነበሩ፤ አንዱ ዋና ዋናዎቹን፣ ሁለተኛው ዲቃላዎቹን የያዘ። እንደ እድል ሆኖ ጸሐፊው ከሁለት ዓመት በፊት የታተመ ቅጂ በቤታቸው አኑረው ነበር። የታተመውን ከፋይሉ ጋር ፊደል በፊደል እያመሳከርን የመተርጐሚያ ሠንጠረዥ አዘጋጀን፤ ከብዙ ሌሊት በኋላም መዝገቡ ወደ ዩኒኮድ ተመለሰ። ሁላችንም እፎይ አልን።

ብዙም ሳይቆይ ባላቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት የቀብር ማስፈጸሚያ ሊቀበሉ መጡ። የባለቤታቸው ስም በ«ጓ» የሚጀምር ነበር፤ በመዝገቡ ግን አልተገኘም። ምክንያቱን የደረስሁበት በኋላ ነው። በሁለቱ የፊደል ፋይሎች ውስጥ አንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ፊደላትን ይወክል ነበር፤ ይህኛው ከየትኛው ፋይል እንደሆነ የሚያመለክተው የፋይሉ ስም ብቻ ነበር፤ እርሱንም እኔ «ይተካ» ብዬ ባስቀመጥሁ ጊዜ ደምስሼዋለሁ። ስለዚህ ሠንጠረዡ «ጓ»ን በሌላ ፊደል ተረጐመው፤ ሰውየውም ሌላ ሰው ሆነው ከሌላ ተራ ገቡ። ሟቹ ከታተመው ቅጂ በኋላ አባል የሆኑ ስለነበሩ ማመሳከሪያ አልነበረም። ያዳነን ባለቤታቸው በመሐረብ ቋጥረው ያመጡት የወርኃዊ መዋጮ ደረሰኝ ነው። በሐዘን ላይ ያሉ እናት የባላቸውን ስም ለማስረዳት ደረሰኝ ሲዘረዝሩ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ፈተና የከበደ ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ላቅርብ። አንደኛ፣ ማናቸውንም ነገር ከመንካት በፊት ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፤ የፊደል ፋይሎቹም የሥራው አካል ስለሆኑ አብረው ይቀመጡ። ሁለተኛ፣ የችግሩ ዓይነት ይለይ። ፕሮግራሙ አልጫን ካለ የዊንዶውሱ እትም፣ የዲስኩ ቦታና አጋዥ ፋይሎቹ ይመርመሩ። ተጭኖ አልከፍት ካለ አዲስና ባዶ ገጽ ለመክፈት ይሞከር፤ ባዶው ገጽም ካልተከፈተ የስክሪኑ ድራይቨር ወይም ራሱ ፕሮግራሙ ይጠርጠር። ባዶው ተከፍቶ አሮጌው ፋይል ብቻ እምቢ ካለ ግን ፋይሉ የተዘጋጀበት እትም ይጠየቅ፤ በአዲስ እትም የተሠራውን አሮጌው ብዙ ጊዜ አይከፍተውምና። ተከፍቶ በተሳሳተ መልክ ከታየ ደግሞ ፊደሉ ይፈለግ፤ ፕሮግራሙን ደጋግሞ መጫን አይረዳም። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም በወረቀት ይጻፍ። አራተኛ፣ ፕሮግራሙ «ይተካ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ «ቆይ» ይሁን።

ወደ ማተሚያ ቤት የሚላከውን በተመለከተ፣ ፊደሉን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ ማዘጋጀት ወይም ጽሑፉን ከርቭ ማድረግ የተለመደ መፍትሔ ነው። ነገር ግን ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ሥዕል ነው፤ አይታረምም፣ አይፈለግም። ስለዚህ ከርቭ የሆነው ለማተሚያ፣ ያልሆነው ለማኅደር፣ ሁለቱም ለየብቻ ይቀመጡ።

በየማተሚያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየእድሩ በቀድሞው ፊደል የተጻፉ መዛግብት ዛሬም አሉ። የሚያነቧቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች በየቀኑ እየደከሙ ነው። እያንዳንዳችን በሰፈራችን አንድ መዝገብ፣ ማሽኑ ሳይሞት፣ ወደ ጋራው ቁጥር ብንመልስ ትልቅ ሥራ ሠራን ማለት ነው። ግድብ የሚሠራ እጅ ለዚህ አያንስም።

ያ መዝገብ ዛሬ ተስተካክሏል። ከጸሐፊው ጋር ሆነን ዲቃላ ፊደል ያለበትን ስም ሁሉ ባለቤቱን እየጠየቅን አረምን። ሥራው ሲያልቅ ይቅርታ ብጠይቃቸው፣ «ስሙ ተመልሷል፤ ይበቃል» አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አደራ የሚለውን ቃል በቀላሉ አልሰማውም።