ልጆቻችን በገዛ አገራቸው እንግዳ አይሁኑ

(ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሰሞን በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር፣ ጂንካ)



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «እናትና ልጅ በክረምት» የሚል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቻችን እቤት ናቸው። ብዙዎቻችን ይህን ጊዜ የምናስበው በጭንቀት ነው። እኔ ጉልት ስወጣ ማን ያያቸዋል? ቀኑን ሙሉ የት ይውላሉ? ምን ይቀምሳሉ? ጭንቀቱ እውነት ነው። ዛሬ ግን የማነሳው ልጅን ይዞ ስለ መውጣት ነው።

ሽርሽር ሲባል የሀብታም ነገር የሚመስለን ብዙ ነን። መኪና፣ ሆቴልና መዋኛ ነው የሚታየን። እኔ የምላችሁ ሽርሽር እግር፣ አንቀልባና ትንሽ የሚኒባስ ብር የሚበቃው ነው። ቅዳሜ ገበያ መሄድ፣ አያት ቤት ሰንበት ብሎ መምጣት፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሙዚየም መውጣት፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ውሎ መመለስ። ልጆች ቢዝናኑ ደስ ይለኛል። ይህን ያነሳሁት ግን ከመዝናናት የበለጠ የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው።

መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቱሪስት የጫነ መኪና ወደ ማጎ ወይም ወደ ቱርሚ ሲያልፍ ሕፃናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ለመለመን ይሮጣሉ። በበና በኩል ወንዶች ልጆች ገላቸውን ነጭ ተቀብተው፣ በረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው መንገድ ዳር ይጠብቃሉ። መኪና ሲቆም ፎቶ ይነሳሉ፣ ብር ይቀበላሉ። እነሱን አልወቅስም፤ ችግር ነው ያወጣቸው። እኔን የሚያስፈራኝ የእኛ የከተማዎቹ ልጆች ከዚህ የሚማሩት ነው። ልጃችን የሙርሲን ሴት፣ የሐመርን ጎልማሳ የሚያያቸው ካሜራ ፊት ሲቆሙ ብቻ ከሆነ፣ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ትርዒት ያያቸዋል። ጣቱን ይቀስራል፣ ይስቃል። ጂንካ ተወልዶ፣ ጂንካ አድጎ፣ በገዛ አገሩ ቱሪስት ይሆናል።

ይህ ልጅ ነገ ነርስ ይሆናል፣ አስተማሪ ይሆናል፣ ወረዳ ቢሮ ውስጥ ወንበር ይሰጠዋል። የሚያገለግለው እነዚያኑ የሳቀባቸውን ሰዎች ነው። ታማ ልጇን አዝላ የመጣችን የሐመር እናት ያን ቀን እንዴት ያናግራታል? መልሱ ዛሬ በእኛ እጅ ነው።

እንግዲህ ከቅርቡ ልጀምር፤ ከቅዳሜ ገበያችን። እኛ ገበያን የምናየው እንደ ሥራ ነው። ልጁ ቀሚሳችንን ይዞ ይከተላል፣ «ቶሎ በል» እንለዋለን፣ ያልቃል። እስቲ አንድ ቅዳሜ ሥራ እንስጠው። «ይህ ቡና ከየት መጣ? ኮረሪማውስ? ጎደሬውን ያመጣችው እናት ስንት ሰዓት በእግሯ ተጓዘች?» ብሎ ይጠይቅ። የደጋው የአሪ እናቶች ቡናውን፣ ኮረሪማውን፣ ሙዙን ይዘው ይወርዳሉ፤ ከቆላው ማሽላ፣ ማርና ቅቤ ይመጣል። ደጋና ቆላ እንዴት እንደሚደጋገፉ ልጁ ከመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ እዚያ በዓይኑ ያየዋል። መልስ ሲቀበል ሒሳብም ይማራል።

ሸክላ ተራ ላይ ደግሞ ትንሽ እንቁም። በአሪ ማኅበረሰብ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እነዚህ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን በሙያቸው ሲናቁ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ሲገለሉ ኖረዋል። ልጁ እንጀራ የሚበላው በእነሱ ምጣድ ተጋግሮ እንደሆነ ይወቅ። «እማማ፣ ይህን እንዴት ሠሩት?» ብሎ ይጠይቃቸው። አንድ ልጅ በአክብሮት የጠየቀውን ሰው ነገ ለመናቅ ይከብደዋል።

ሁለተኛው ሙዚየሙ ነው። ከከተማችን በላይ ኮረብታው ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ስንቶቻችን ገብተን አይተነዋል? ብዙ ጊዜ የሚወጡት የውጭ አገር እንግዶች ናቸው። ውስጡ የአካባቢያችን ሕዝቦች ዕቃ አለ፤ ጌጡ፣ የቆዳ ልብሱ፣ ቅሉ፣ ወንዶች የሚቀመጡበትና ተኝተው ራሳቸውን የሚያስደግፉበት ትንሹ በርጩማ። ልጁ የአያቱን ቤት ዕቃ በክብር ተቀምጦ ሲያየው ቀና ይላል። ቁልቁል ሲመለከት ደግሞ ከተማውን በሙሉ ያየዋል፤ የነሪ ወንዝን አቅጣጫ፣ መሐል ከተማ የነበረውን የድሮውን የሣር አውሮፕላን ማረፊያ፣ የራሱን ሰፈር።

ሙዚየሙን ለማቋቋም ከደከሙት አንዱ ጀርመናዊው የባህል ተመራማሪ ኢቮ ስትሬከር ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን የቤተሰቡ ታሪክ ነው። ባለቤታቸው ጂን ላይዳል ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐመር ውስጥ ሲያጠኑ ልጆቻቸውን ይዘው ነበር። ልጃቸው ካይራ ከልጅነቷ ጀምሮ የሐመርን ቤተሰቦች ታውቃለች። ካደገች በኋላ፣ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ ከእናቷ ጋር ሆና ዱካ ስለምትባል የሐመር ሴት ፊልም ሠርታለች፤ ባሏ ሁለተኛ ሚስት ሲያገባ የሚገጥማትን የትዳር ጭንቀት የሚያሳይ ነው። ዱካ እነሱን እንደ ቤተሰብ ስለምታያቸው የልቧን ትነግራቸዋለች። ልብ በሉ፤ ካሜራ እነሱም ይዘዋል። ልዩነቱ ካሜራው የመጣው ከብዙ ዓመት ቡናና ጨዋታ በኋላ መሆኑ ነው። ከአውሮፓ የመጣች እናት ልጇን ሐመር ቤት ካስቀመጠች፣ እኛ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ሆነን ምን ይከለክለናል?

ሦስተኛው አያት ቤት ነው። ብዙዎቻችን ዘመድ ገጠር አለን፤ ወደ ጋዘር በኩል፣ ወደ ማሌ፣ ወደ ሌላም። ክረምት ላይ ልጁን መላክ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን አብረነው እንደር። እናቴ እንሰት ስትፍቅ ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከእኔ ያልሰማችውን የአሪኛ ቃል ይዛ ተመለሰች። እኔ ከተማ ውስጥ በአማርኛ ብቻ ነው የማናግራት። ቋንቋ አያት ካልሰጠችው ማን ይሰጠዋል?

አራተኛው ቀይ አፈር ነው። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሐሙስ ገበያው ላይ በና፣ ሐመር፣ ፀማይና አሪ ይገናኛሉ። ባለፈው ክረምት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። በመንገድ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እማዬ፣ ለምንድን ነው እንደኛ የማይለብሱት?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «እነሱ ቆላ ነው የሚኖሩት፣ ከብት ያረባሉ፤ የሚለብሱት ከከብቱ ቆዳ ነው፣ በገዛ እጃቸው የሰፉት። አንቺ ቀሚስሽን ሰፍተሻል?» አልኳት። ዝም አለች።

ገበያው ላይ አንዲት የሐመር እናት ቅል ዘርግታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ በቅቤና በቀይ አፈር የተሠራ ነው፤ ያምራል። ልጄ ስልኬን ለመነችኝ፣ ፎቶ ልታነሳ። ሴትየዋም ስልኩን ስታይ እጇን ዘረጋች፤ ለምዳዋለች። ስልኩን ወደ ቦርሳዬ መለስኩና ልጄን «መጀመሪያ ሰላም በያት» አልኳት። «ነጋያ» አለች ልጄ፤ በመንገድ ያስተማርኳት አንድ ቃል። የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። «ነጋያ!» ብላ እጇን ያዘቻት። ስሟን ጠየቀቻት፣ ዕድሜዋን በጣት ቆጠሩ። ያኔ ነው ልጄ ሴትየዋ የራሷን ሕፃን አዝላ እንደነበር ያየችው። ቅሉን ገዛን። ፎቶ አልተነሣም። ቅሉ ዛሬም ቤታችን ተሰቅሏል፤ ልጄ ለእንግዳ ሁሉ «የጓደኛዬ ናት» እያለች ታሳያለች።

አቅም ያላት ደግሞ ጉዞዋን ወደ ወይጦ፣ ወደ ኮንሶና ወደ አርባ ምንጭ ትቀጥል። መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ልጆቻችን ክረምት ማለት ዝናብ ነው ብለው ያጠናሉ። እኛ ደጋው ላይ ጭቃ ስንረግጥ ወይጦ ሜዳ ላይ ግን አቧራ ነው። የቆላው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው ከመስከረም በኋላ ይመጣል። ኮንሶ ሲደርስ ልጁ ድንጋይ በድንጋይ የተካበውን እርከን ያያል። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ እርከን ገበሬዎች በትውልድ ቅብብል፣ በእጃቸው የሠሩት ነው። ለምን ይመስላችኋል ይህን የምናገረው? የእኛም የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው መዝገብ ላይ ስላለ ነው። ልጆቻችን ዓለም የሚያውቀውን ቤታቸውን ራሳቸው ቀድመው ይወቁት።

አሁን ወደ ጥንቃቄው ልምጣ፤ እናት ያለ ጥንቃቄ አትወጣም። ቆላ ስንወርድ ወባ አለ። የምናድርበት ቤት አጎበር ከሌለ የራሳችንን እንያዝ፤ ሕፃን ያለ አጎበር አይደር። ከተመለስን በኋላ ልጁ ካተኮሰው፣ «የመንገድ ድካም ነው» ብለን አንቆይ። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ወስደን ደሙን እናስመርምር። የሌላ ልጅ የተረፈ መድኃኒት አንስጥ፤ የወባው ዓይነትና የልጁ ክብደት ይለያያል። ውሃ አፍልተን፣ አቀዝቅዘን ከቤት እንያዝ። ስንቅ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። ሎሚም አትርሱ፤ ጠመዝማዛው መንገድ ሆዱን ለሚረብሸው ልጅ ይጠቅማል።

ገንዘቡስ? እንደሚሆን እናውቃለን፤ ቁጠባ ያስተማረን ይህ ማኅበር ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ 40 ሳምንት ብንይዝ፣ በሳምንት 20 ብር 800 ብር ይሆናል። ይህ ከመደበኛው ቁጠባችን ተለይቶ በልጁ ስም ይቀመጥ። ልጁም የራሱን 1 ብርም ቢሆን ይጨምር፤ ጉዞው የእሱም እንዲሆን። ጊዜ የለኝም ለምትሉኝ፣ እኔም የለኝም። ገበያው ግን ለማንኛውም የምንሄድበት ነው። ተራ ገብተንም መሄድ እንችላለን፤ ሁለት እናቶች ስድስት ልጅ ይዘው ሙዚየም ሲወጡ፣ ሌሎቹ የእነሱን ጉልት ይጠብቁላቸዋል። ሥራ የማትችል፣ የታመመች ወይም አራስ የሆነች እህታችን ልጅም በዚህ መንገድ አይቀርም።

ለድጋፍ ሰጪ ወዳጆቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ሽርሽር የራስ አገዝ ሥራ ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ነው። ራሱን የሚችል ሰው ማለት ገንዘብ የቆጠበ ብቻ አይደለም፤ አገሩን ያወቀ፣ ጎረቤቱን ያከበረ ጭምር ነው። እናንተም ልትጎበኙን ስትመጡ ልጆቻችንን ለካሜራ አታስጨፍሩብን። ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ስማቸውን ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ብር ከመስጠት ለዚህ የጉዞ ሣጥን አንድ ነገር ብትጨምሩ በይበልጥ ይረዳናል።

ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ በሐምሌ ወር እያንዳንዷ አባል ልጇን ይዛ አንድ ቅዳሜ ገበያ ትውጣ። ሁለተኛ፣ በነሐሴ ልጆቻችንን ይዘን በጋራ ሙዚየሙን እንጎብኝ። ሦስተኛ፣ አቅም ያለን አንድ ሐሙስ ቀይ አፈር እንሂድ፤ ልጆቹ ሁሉ ሰላምታውን በሐመርኛ ተምረው። አራተኛ፣ መስከረም ላይ በሚደረገው ስብሰባ ልጆቹ ራሳቸው ቆመው ያዩትን ይንገሩን፤ እኛ እንስማ።

 ክረምቱን በሰላም ያሻግረን። አሁን ሣጥኑን ማን እንደምትይዝ እንምረጥ።