ሕልማችን ስለ ማን ይናገራል?

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ጠዋት ቡና ላይ ስንቀመጥ ሕልም ሳይነሳ የሚቀርበት ቀን ጥቂት ነው። አንዷ «ዛሬ ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ» ስትል ሌላዋ «ለበጎ ያድርገው» ትላለች። ከዚያ ፍቺው ይቀጥላል፤ ዘመድ ሊሞት ነው፣ ሰው ተንኮል አስቦብሻል። እናቶቻችን «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላሉ። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚሁ ፈቺ ነው።

ከእኛ አንዷ፣ አሁን ቆማ የምታነብላችሁ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ዓመት በየወሩ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሕልም ታይ ነበር። ካዝና ትከፍታለች፣ ብር ትቆጥራለች፣ ይጎድላል። ደግማ ትቆጥራለች፣ ይብስ ይጎድላል። ለጎረቤት ብትነግር «ገንዘብ ያዥዋን ጠርጥሪ» ተባለች። ገንዘብ ያዥዋ ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። የእኛዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈገቻት፤ ደረሰኞቿን እየደጋገመች አገላበጠች። ምንም ጉድለት አልተገኘም። ያም ሆኖ ጥርጣሬዋን ለአለቃ ልትናገር ጥቂት ነበር የቀራት።

ቅዳሜ የዕቁባችን ቡና ላይ ነገሩን አነሳችው። አንዲት ታላቅ እኅታችን «ማን ሰረቀ?» አላለቻትም። «ስትቆጥሪ ምን ተሰማሽ? ፈራሽ ወይስ ተናደድሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «አፈርኩ» አለች።

የተሰረቀ ሰው ይናደዳል እንጂ ምን ያሳፍረዋል? እውነቱ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ወንድሟን ለመርዳት ስትል ለባለቤቷ ሳትነግር ብር ተበድራ ነበር፤ የመክፈያው ቀን ደግሞ የወር መጨረሻ ነው። የጎደለው የቤቷ ሒሳብ ነበር። ለባለቤቷ ስትነግረው ተቆጣ፤ ሳምንት ያህል ተኳረፉ። ዕዳው እስከ ዛሬ አላለቀም፣ ግን አብረው ይከፍሉታል። ገንዘብ ያዥዋንም ይቅርታ ጠይቃለች። ሕልሙ ጨርሶ ጠፋ አንላችሁም፤ ሲመጣ ግን ምን እንደሚላት ታውቃለች።

ነገሩን የሳይንስ ሰዎችም መርምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተኛ ሰው ዓይኖች ከቆባቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት የእንቅልፍ ክፍል መኖሩን አሳወቁ። በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕልም እያየ ይገኛል። ይህ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ሊነጋ ሲልም ይረዝማል። ሮዛሊንድ ካርትራይት የተባለች ተመራማሪ ደግሞ ትዳራቸው የፈረሰ ሰዎችን አጥንታለች። በኀዘን ከተጎዱት መካከል ስለ ቀድሞ የትዳር ጓደኛቸው ያለሙት ከጊዜ በኋላ የተሻለ አገግመው አግኝታቸዋለች። ቀን ያልጨረስነውን ነገር ሌሊት እንሠራበታለን ማለት ነው።

እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ከራስጌ እናስቀምጣለን። ስንነቃ ከአልጋ ሳንወርድ፣ ስልክም ሳንነካ፣ ያየነውን በሦስት አራት መስመር እንጽፋለን። ከሥሩ የተሰማንን ስሜት እናሰፍራለን። ቀጥሎ «ይህ ስሜት በዚህ ሳምንት የት አጋጠመኝ?» ብለን እንጠይቃለን። መልስ ካገኘን በዚያው ቀን የምናደርገውን አንድ ትንሽ ነገር እንመርጣለን። አንድ ሕግም አለን፦ በሕልም ማስረጃነት ሰው አይከሰስም።

ከዓረብ አገር የተመለሰች እኅታችን በተቆለፈ በር ቅዠት ትሰቃይ ነበር። እሷ ሕልሙን ጽፋ መጨረሻውን ለወጠችው፤ ቁልፉ በእጇ ነው። አዲሱን መጨረሻ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በዓይነ ኅሊናዋ ትመላለስበታለች። ይህ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችም ለቅዠት የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። አሁን ብዙ ሌሊት ሳትነቃ ታድራለች። ከባድ በደል የደረሰባት ግን ይህን ብቻዋን አትጀምር፤ ወደ ባለሙያ አብረናት እንሄዳለን።

የቅዳሜውን ክፍል ኪራይ የምትሸፍኑልን ደጋፊዎቻችን፣ ያቺ ገንዘብ ያዥ ዛሬ በሥራዋ ላይ ያለችው በዚያ ክፍል በተጠየቀ አንድ ጥያቄ ነው። እኅቶቻችን፣ ነገ ጠዋት ጓደኛችሁ ሕልሟን ስትነግራችሁ ለመፍታት አትቸኩሉ። «ለበጎ ያድርገው» በሏት፤ ቀጥሎ ምን እንደተሰማት ጠይቋት።