ከፍርስራሽ የበቀለ እኅትማማችነት



የኢዮቤልዩ ዓመት በኦሪት ሥርዐት የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት፥ ባሪያም ነጻ የሚወጣበት ዘመን ነበረ። ስለዚህ በዛሬው በዓላችን ሦስት ከተሞች ከጦርነት በኋላ እንዴት እኅትማማች እንደ ኾኑ ባጭሩ ልናገር እወዳለኹ። ዘመኑን የምቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1940 ዓ.ም. በኖቬምበር 14 ሌሊት የጀርመን አይሮፕላኖች በእንግሊዝ አገር ያለችውን የኮቨንትሪን ከተማ በቦምብ ደበደቡ። ከ500 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ በቅዱስ ሚካኤል ስም የታነጸውም ታላቅ ካቴድራል ተቃጥሎ የውጭ ግድግዳውና የደወሉ ግንብ ብቻ ቀሩ። የካቴድራሉ አለቃ ሪቻርድ ሃዋርድ ግን ሕዝቡን ለበቀል አላነሣሡም። ከወደቀው ጣራ የተገኙ ኹለት የከሰሉ እንጨቶች በመስቀል አምሳል ታስረው በፍርስራሹ መካከል ቆሙ፤ ከመንበሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳም ላይ «አባት ሆይ፥ ይቅር በል» የሚል ቃል አስቀረጹ። ልብ በሉ፤ «ይቅር በላቸው» አላሉም። ምሕረት የሚያሻው በዳዩ ብቻ ሳይኾን ሰው ኹሉ ነውና።

ከዚህም በኋላ በመስኮብ አገር ያለችው ስታሊንግራድ በ1942 ዓ.ም. በተነሣው ታላቅ ውጊያ ስትፈርስ፥ የኮቨንትሪ ሴቶች የእርሷን መከራ በራሳቸው መከራ ዐወቁት። 830 የሚኾኑ ሴቶች ስማቸውን በአንድ የገበታ ልብስ ላይ ጠልፈው፥ እያንዳንዳቸውም ስድስት ፔኒ አዋጥተው ላኩላት። በ1944 ዓ.ም. ኹለቱ ከተሞች የእኅትነት ኪዳን አጸኑ። ስታሊንግራድም ከ1961 ዓ.ም. ወዲህ ቮልጎግራድ ትባላለች።

አንድ ጠላት የጐዳቸው ሰዎች ቢዋደዱ ምን ይደንቃል የሚል ይኖር ይኾናል። ነገር ግን በ1945 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር የእንግሊዝና የአሜሪካ አይሮፕላኖች የጀርመንን ከተማ ድሬስደንን አቃጥለው 25,000 ያህል ሰው ዐልቆ ነበር። ኮቨንትሪ በ1959 ዓ.ም. ከዚህችው ከተማ ጋራ ደግሞ እኅትማማች ኾነች። በ1965 ዓ.ም. የኮቨንትሪ ወጣቶች ወደ ድሬስደን ሄደው፥ በቦምብ የፈረሰውን የአንድ መንፈሳዊ ማኅበር ሆስፒታል መልሶ በማሠራት ደከሙ።

ወገኖቼ ሆይ፥ ኪዳኑን የፈረሙት የከተማ ሹማምንት ናቸው፤ መሠረቱን የጣሉት ግን መርፌ የያዙ ሴቶችና በዐመድ መካከል ቆመው የጸለዩ ካህን ናቸው። እኛም የማን በደል ይበልጣል ብለን ስንቈጥር ይህ ኢዮቤልዩ እንዳያልፍብን፥ ከተጣላነው ጎረቤት ጋራ አስቀድመን እንታረቅ። እግዚአብሔር ሰላሙን ያብዛልን።