ከትራስ ሥር የተገኘው ኪኒን

እሷ፦ ስማቸውን አልጠራም፤ ፈቅደውልኝ ነው የማወራው። ጎረቤቴ ወገባቸውን አሟቸው ለ5 ቀን ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላቸው። ከወራት በኋላ ቡና ልጠጣ ገብቼ ትራሳቸውን ሳስተካክል ሦስት ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አገኘሁ።

እሱ፦ ከየት መጣ?

እሷ፦ ልጃቸው በድሮው የሐኪም ማዘዣ ወረቀት ይገዛላቸዋል። «ሐኪም ያዘዘው እኮ ነው፤ ከሱስ ጋር ምን አገናኘው?» አሉኝ።

እሱ፦ አየሽ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ከታዘዘው መጠን ማለፍ፣ ቀኑ ካለቀ በኋላ በራስ መቀጠል፣ ለሌላ ሰው የታዘዘውን መዋጥ፣ ለሞቅታ ብሎ መውሰድ፣ ይሄ ሁሉ መድኃኒትን አላግባብ መጠቀም ነው። ትራማዶል ደግሞ የሞርፊን ወገን ነው። ሰውነት ይለምደዋል፤ የትናንቱ መጠን ዛሬ አይበቃም። ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል፣ ትንፋሽም ያዳክማል።

እሷ፦ ታዲያ ወስጄ ልጣልባቸው?

እሱ፦ ኧረ በጭራሽ! በአንዴ ካቆሙ ላቡ፣ ቁርጥማቱ፣ ተቅማጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ አይቻልም። ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላቸው። ደግሞ ሱሰኛ አትበያቸው። ሰውነት መልመዱ ብቻውን ሱስ አይደለም፤ እየጎዳቸው እንደሆነ እያወቁም መተው ሲያቅታቸው ነው ሱስ የምንለው።

እሷ፦ ያን ቀን እጄን ጨብጠው «ለሰው እንዳትነግሪብኝ» ብለውኝ ነበር። እፍረቱ ከወገባቸው ሕመም ይብስ ነበር። ነገ ጠዋት አብሬያቸው ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።

እሱ፦ ባዶውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ስንት እንደዋጡ ሐኪሙ ከእሱ ይቆጥራል።