ጉንፋን ሲይዝ እግር ለምን ይለበልባል?

የስኳር ሕመም ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ጉንፋን በያዛቸው ሰሞን የእግራቸው መለብለብና መጠቅጠቅ ሊብስባቸው ይችላል። የግድ ቫይረሱ ነርቩ ውስጥ ገብቶ አይደለም። ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ያመነጫል፤ ትኩሳቱንም ቁርጥማቱንም የሚያመጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። እነዚሁ ኬሚካሎች የሕመም ነርቮች በቀላሉ እንዲቆጡ ያደርጋሉ። ቀድሞ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ሰበብ ፈላጊ ነው፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ ሊያም ይችላል። በዚያ ላይ ጉንፋኑ ራሱ የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ እንቅልፍ ማጣቱም አለ። ለጉንፋኑ ዝንጅብል በማር ቢጠጣስ? ዝንጅብሉ ይሁን፣ ማሩ ግን ያው ስኳር ነው። መድኃኒትዎን በራስዎ አያቋርጡ፤ ስኳርዎን ቶሎ ቶሎ ይለኩ። እግርዎ እየከዳዎት ከሄደ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ግን ጉንፋኑ እስኪለቅ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።