ጉበት የሚልካቸው መልእክቶች

(በሰባታሚት ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከተደረገ ንግግር)



ጉበትን ብዙዎቻችን የምናውቀው በዱለት ውስጥ ተከትፎ ሲቀርብ ወይም የሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ «የወፍ በሽታ ነው» ሲባል ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ብዙ ስላልተነገረለት ሥራው ነው። ጉበት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል፤ በእነርሱም ለአንጎል፣ ለጡንቻና ለስብ ምን እንደ ገባና ምን እንደ ጎደለ ያስታውቃል።

ከእነዚህ አንዱ ኤፍ.ጂ.ኤፍ. 21 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች አገኙት። ስኳር ወይም አልኮል ሲበዛ ጉበት ይህን ሆርሞን ይጨምራል፤ ሆርሞኑም አንጎል ደርሶ የጣፋጭንና የመጠጥን ፍላጎት ይቀንሳል። ይህም በአይጦችና በጦጣዎች ላይ ታይቷል። ጉበት «በቃኝ» የሚልበት አንደበት አለው ማለት ነው።

ችግሩ ጉበት ራሱ በስብ ሲሞላ ይመጣል። ከልክ ያለፈ ውፍረት ባላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ኤፍ.ጂ.ኤፍ. 21 በዝቶ ይገኛል፤ ሰውነት ግን መልእክቱን እንደ ቀድሞው የሚሰማ አይመስልም። ስብ የወረረው ጉበት ፌቱይን ኤ የተባለ ሌላ መልእክተኛም ያበዛል፤ ይህም የኢንሱሊንን ሥራ ያሰናክላል። ስኳር በደም ውስጥ ሲጠራቀም ቆሽት ኢንሱሊን ለማብዛት ይደክማል። ቀጭን የሚመስል ሰውም ሆዱ ከገፋ ከዚህ አያመልጥም።

ከተማው ወደ ሰባታሚት እየሰፋ ነው። ቀድሞ በእግር የሚሄደው መንገድ ዛሬ በባጃጅ ይታለፋል፤ ለስላሳና ነጭ ዳቦም ከየሱቁ አይታጣም። በዘይት የተጠበሰ ብስኩትና ስኳር የበዛበት ሻይ የጾም ናቸው፤ ጉበት ግን ሥጋና ወተት መቅረታቸውን ብቻ አይቆጥርም።

ጾም ይህን ሆርሞን ያበዛል እያሉ የሚያስተምሩ አሉ። በአይጥ እውነት ነው፤ በሰው ግን ሆርሞኑ የሚጨምረው ሳምንትና ከዚያ በላይ ከምግብ ሲከለከል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ጾም በዚህ ረገድ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ የጾምንም ዋጋ በሆርሞን መለካት የእኛ ተግባር አይደለም።

አባቶች፣ አጥብቀን የምንለምናችሁ ግን አንድ ነገር አለ። ጤነኛ ሰው ሲጾም ጉበቱ ካከማቸው ስኳር ጥቂት ጥቂት እያወጣ ደሙን ይመግባል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን መድኃኒቱ ይህን ጎተራ ስለሚዘጋበት፣ በባዶ ሆድ ሲቆይ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። በባዶ ሆድ የሚጠጣ አረቄም ጉበት አዲስ ስኳር እንዳይሠራ ይከለክላል። በቅዳሴ መካከል የሚያልበው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና ንግግሩ የሚወላገድ ሰው ስታዩ ጠኔ ወይም ሌላ ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። መዋጥ ከቻለ ወዲያው በስኳር የተበጠበጠ ውኃ አጠጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛን በጾም አታስጨንቅም። የንስሓ አባትም ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ልጁን «መድኃኒት ትወስዳለህን?» ብሎ ይጠይቀው፤ ከሐኪሙም ጋር እንዲመክር ይላከው።